ምስጋና ለባዶ ወንበር ቆጣሪያችን

ከለቡ ወዲያ፣ ማሳውና አዲሱ ፎቅ በሚጋፉበት በእኛ ሰፈር አንድ ታላቅ ሰው አሉን። ስማቸውን አልጠራም፤ ውዳሴ እንደማይወዱ አውቃለሁ። ጠዋት ጠዋት ማኪያቷቸውን አዝዘው ፊታቸውን ወደ ሐዲዱ አዙረው ይቀመጣሉ። ባቡሩ ሲያልፍ ማንኪያቸውን ያስቀምጡና በየመስኮቱ ብቅ ያለውን ራስ ይቆጥራሉ። «ባዶውን ነው የሚሄደው! ለሁለት አሮጊትና ለአንድ ቋጠሮ ይህ ሁሉ ኤሌክትሪክ?» ካፌው በሙሉ ራሱን ይነቀንቃል።

ለመንግሥት ካዝና እንዲህ የሚንገበገብ ሰው የሰጠን አምላክ ይመስገን። እኔ ብሆን አሮጊቶቹ ወዴት እንደሚሄዱ እጠይቅ ነበር። ምናልባት አንደኛዋ መኢሶ ላለች አራስ ልጇ ገንፎ ልታገነፋ ይሆናል፤ ቋጠሮውም የገብስ ዱቄት ይሆናል። የእኔ ነገር እንዲህ ነው፤ ሒሳብ አልችልም።

መፍትሔያቸውማ የረቀቀ ነው። ተሳፋሪ ስለሌለ ባቡሩ በሁለት ቀን አንዴ ይሁን ይላሉ። ያን ጊዜ ሰኞ የሐኪም ቀጠሮ ያለው ሰው የማክሰኞው ባቡር ስለማይረባው በሚኒባስ ይሄዳል፤ ወንበሩም ይብስ ባዶ ይሆናል። «አላልኳችሁም ነበር?» ለማለት ከዚህ የተመቸ ቀን ከየት ይመጣል? ነቢይ ማለት ትንቢቱን ራሱ ተናግሮ ራሱ የሚፈጽም ነው።

የሚቆጨኝ ዘግይተው መወለዳቸው ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ የሐረርን ዳገት መውጣት አስቸግሮት በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ሥር ሜዳ ላይ ሲደርስ፣ ከተማ የሚባል አልነበረም። እሳቸው እዚያ ቢገኙ ኖሮ በጣታቸው ቆጥረው «ዜሮ!» ብለው ሐዲዱን ባስነቀሉት፣ እኛም ድሬዳዋ ከምትባል ከተማ በተገላገልን ነበር። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1909 ዓ.ም. ነው። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ መዳረሻው ያልደረሰ ባቡር! ያን ኪሳራ ሳስበው ስለ እሳቸው ደም ግፊት እሰጋለሁ።

አንድ ቀን ደፍሬ፣ በደጃችን የሚያልፈው አስፋልት በዓመት ስንት እንደሚያተርፍ ጠየቅኋቸው። «እሱ እኮ መንገድ ነው!» አሉኝ፣ አለማወቄ እያስደነቃቸው። ሐዲድ ምን እንደሆነ ግን አልነገሩኝም።

ባለፈው ሐሙስ ታክሲ ጠፍቶ ሰልፉ እስከ ሥጋ ቤቱ ተዘርግቶ ነበር። እሳቸው ባለ አምስት ወንበር መኪናቸውን ብቻቸውን እየነዱ ወደ ሜክሲኮ ሊወጡ ሲሉ መስታወቱን አንኳኳሁ።

«ጋሼ፣ ሦስት ነን፤ መንገድዎ ከሆነ ቢያደርሱን?»

ዞር ብለው የኋላውን ወንበር አዩት። ኮታቸው በሥርዓት ታጥፎ ተንጋሏል።

«ይቅርታ ልጄ፣ ሞልቷል» አሉኝና መስታወቱን ዘጉት።