በአንድ ስኒ ሲስተማቲክ

ሰኔ ገባ። ጅማ ላይ ሰኔ ማለት ሁለት ነገር ነው፤ ዝናብና ዲፌንስ፣ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን (ቴሲሱን) ፈታኞች ፊት የሚከላከልበት። ዝናቡን እንኳ ለምደነዋል።

ባለፈው ሳምንት አንድ የማስተርስ ተማሪ “መምህር፣ እስቲ ይቺን አንዴ ይዩልኝ” ብሎ ሊትሬቸር ሪቪውን፣ ሌሎች የጻፉትን የቃኘበትን ክፍል፣ አመጣልኝ። ሽፋኑ ላይ በደማቁ “ሲስተማቲክ ሪቪው” ይላል፤ ጥናቶች በዕቅድ ተፈልገው፣ በመስፈርት ተጣርተው የሚገመገሙበት ማለት ነው። ውስጡ ያቺ የምታውቋት፣ ስንት ጽሑፍ ተገኝቶ ስንቱ እንደተጣለ የምታሳይ ስዕል አለች፤ ሳጥን ከሳጥን ሥር፣ ቀስት ወደ ታች። 1,240 ጽሑፍ ተገኘ። 310 ድግግሞሽ ወጣ። በርዕስና በአብስትራክት (መግቢያው ላይ ባለው አጭር ማጠቃለያ) 800 ተጣለ። ሙሉው ተነቦ 118 ተጣለ። የቀረው 14። ቀነስኩ፣ ደግሜ ቀነስኩ። የሚመጣው 12 ነው።

“ሁለቱ ከየት መጡ?” አልኩት።

“የአድቫይዘሬ ናቸው፣ መምህር።”

እኔ ይህን ትውልድ አደንቃለሁ። የድሮ ሰው እኮ ሞኝ ነበር። መጀመሪያ ጥያቄ ያወጣል፤ ከዚያ ለጥያቄው የሚሆን የሪቪው ዓይነት ይፈልጋል። “ይህ መድኃኒት ከዚያኛው ይሻላል ወይ?” ዓይነት ጠባብ ጥያቄ ከሆነ ሲስተማቲክ። መስኩ ሰፊ ሆኖ ማን ምን እንደጻፈ፣ የቱ ጋ ክፍተት እንዳለ ለማየት ከሆነ ስኮፒንግ። ሐሳቡ ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ ለመተረክ ናራቲቭ። እ.ኤ.አ. በ2009 እንግሊዝ አገር ሁለት ባለሙያዎች ቁጭ ብለው 14 ዓይነት ቆጥረዋል። ምን አደከማቸው! እኛ አንድ ይበቃናል። የምትከብደዋ።

ይህ ጥበብ ቴሲስ ውስጥ ብቻ መቅረቱ ነው የሚያሳዝነኝ። ለምሳሌ አንዱ “የጅማ ቡና ጣዕም፤ ሲስተማቲክ ሪቪው” ብሎ ይነሳ። ፍለጋው የተካሄደው አክስቱ ቤት ነው። ሌላ ቤት ለምን አልሄደም? ዝናብ ነበራ። ይህ “የጥናቱ ውስንነት” ተብሎ ይጻፋል። መካተቻ መስፈርት፤ ረከቦቱ ላይ የተገኘ ስኒ። ማግለያ መስፈርት፤ የጎረቤት ቡና፣ ውሻቸው ስለሚናከስ። አቦል በርዕስ ማጣራት ነው፤ ሽታውን ብቻ። ቶና በአብስትራክት ነው፤ ፉት ብሎ ማስቀመጥ። በረካ ላይ ሙሉው ሊነበብ ነበር፤ ግን ስልክ ተደወለለትና ወጣ። “በረካ ተጠጥቷል” ብሎ ጻፈ። ሁለት ገምጋሚ ለየብቻ ይመርምር ይላል ደንቡ፤ እሱና የአክስቱ ልጅ ከአንድ ስኒ ተጋሩ። ካልተስማሙ ሦስተኛ ሰው ይፍረድ ይላል፤ አክስት ፈረዱ፣ ባለቡናዋ እሳቸው። የጥራት ምዘናም አልቀረም፤ ፈንዲሻው ጥሩ ነበር። መደምደሚያ፤ የጅማ ቡና ምርጥ ነው፣ ሆኖም ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል። ተጨማሪ ጥናቱ ሐሙስ ነው። አክስት ድጋሚ ያፈላሉ።

ሌላው ደግሞ “አምብሬላ ሪቪው” ይዞ መጣ። አምብሬላ የሪቪዎች ሪቪው ነው፤ ሥሩ የሚጠለሉ ሲስተማቲክ ሪቪዎች ያስፈልጉታል። እሱ አንድም የለውም። ባዶ ሜዳ ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ ቆሟል። በጅማ ሰኔ ግን ማን ይፈርድበታል?

የምር ግን ያናድደኛል። ሲስተማቲክ ሪቪው የተከበረው በስሙ አይደለም። ዕቅዱ አስቀድሞ ስለሚጻፍ፣ ፍለጋውን ሌላ ሰው ሊደግመው ስለሚችል፣ የተጣለው ለምን እንደተጣለ ስለሚነገር ነው። ወራት ይፈጃል፤ ከዓመት የሚያልፍም አለ። መቶ ጽሑፍ የሚያነብበት ጊዜ የሌለው ጤና መኮንን ያንን አንድ ወረቀት አምኖ ሰው ያክማል። ቁጥሩን ከኪስህ አውጥተህ ስትሞላ ያታለልከው ፈታኞችህን ብቻ አይደለም፤ አልጋ ላይ የተኛችውንም ሴት ነው። ናራቲቭ ሠርቶ “ናራቲቭ ነው” ማለት ምን ነውር አለው? ልጁን ብቻውን አልወቅስም። “ናራቲቭ? እሱማ ወሬ ነው” እያለ የሚያሸማቅቀው አድቫይዘር አለ። ሁለቱን ጽሑፍ ያስገባውም እሱ ነው።

ይቅርታ፤ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

ከሁሉም በላይ መመስገን ያለበት የፎቶ ኮፒ ቤቱ ልጅ ነው። ማክሰኞ ዝናቡ እስኪያባራ በረንዳው ላይ ቆሜ ነበር። አንዲት ተማሪ ፍላሿን ሰጠችው።

“ሲስተማቲክ ነው ናራቲቭ?” አላት።

“ምን ልዩነት አለው?”

“ሲስተማቲክ ስዕል አለው። ከነቁጥሩ ተሠርቶ አለልሽ፤ 50 ብር ትጨምሪያለሽ።”

ትንሽ አሰበች። “ሲስተማቲክ ይሁንልኝ።”

ስዕሉ ከፕሪንተሩ ሲወጣ አጮልቄ አየሁ። ከላይ 1,240። ከታች 14።