ይድረስ ለክቡር የድጋፍ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ ወፍ ማየትን ይመለከታል

ክቡር የድጋፍ ደብዳቤ ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ ከእርስዎ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ። ናፍቆት ያልኩት ለወጉ ያህል አይደለም፤ ከሐሙስ ወዲህ ወረፋ የምይዘውም፣ ደጅ የምጠናውም ለእርስዎ ነው። ፊትዎን ግን እስካሁን አላየሁም።

የሐሙሱን ነገር ሌላ ሰው አጣሞ ከሚነግርዎ ከእኔው ይስሙት። ማለዳ ነው፤ ጉሙ የጦሳን ተራራ ገና አለቀቀም። ሥራ ከመግባቴ በፊት ደሴ ውስጥ ቦርከና ወንዝ ዳር፣ ከድልድዩ ዝቅ ብዬ ድንጋይ ላይ ተቀምጫለሁ። አንገቴ ላይ የሩቅ ማያ መነጽር፣ ጉልበቴ ላይ ደብተር። የመስከረም ማብቂያ ስለሆነ ዳርቻው በአደይ አበባ ቦግ ብሏል፤ ሣሩ ላይ ጋጋኖዎች በዚያ ቆልማማ መንቁራቸው ትል ይቆፍራሉ። እርስዎ ውሎዎ መሳቢያ ውስጥ ስለሆነ ላያውቁ ይችላሉ፤ ይህ የእኛ የደጋው ጋጋኖ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር የትም አይገኝም። ፈረንጅ እሱን ለማየት ባሕር ተሻግሮ ይመጣል። እኔ የመጣሁት በእግሬ ነው፤ ጥፋቴም ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

የምጽፈው ቀላል ነው፦ የወፉ ስም፣ ስንት እንደሆነ፣ ሰዓቱ፣ ቦታው። አበባ ሲሆን ቀለሙ፣ የቅጠሉ ቅርጽ፣ መሬቱ እርጥብ ይሁን ደረቅ። ማታ ወፎቹን ኢበርድ የሚባለው የወፍ መመዝገቢያ ድረ ገጽ ላይ አስገባለሁ፣ ኔትወርክ ከፈቀደ።

ከወንዙ አጠገብ ካለ አንድ ግቢ የጥበቃው አባት ብቅ አሉ።

«ልጄ፣ ምን እያየህ ነው?»

«ወፍ ነው፣ አባባ።»

«ልትይዘው?»

«አልይዘውም።»

«ልትሸጠው?»

«ኧረ አልሸጠውም።»

«እና ዝም ብለህ ልታየው?»

«አዎ።»

«እህ! እንግዲያማ ሌላ ነገር አለው። ደብዳቤ አለህ?»

ክቡር ሆይ፣ ስምዎ የተነሳው እዚህ ላይ ነው።

እኒህን አባት አልፈርድባቸውም። ይህ ከተማ በ2014 ዓ.ም. ያየውን አይቷል፤ መነጽር ያንጠለጠለ ሰው ወንዝ ዳር አድፍጦ ሲያገኙ ልባቸው ቢደነግጥ እውነታቸውን ነው። የገረመኝ መድኃኒቱ ነው። መነጽሩን አልፈተሹ፣ መታወቂያዬን አላዩ፣ ስሜን አልጠየቁ። ክብ ማኅተም ያለው ወረቀት ብይዝ ኖሮ ግን መድፍ ተክዬም ቢሆን «ቀጥል ልጄ» ይሉኝ ነበር።

መነጽሬን ከአንገቴ አውልቀው በራሳቸው አንገት አጠለቁና «ቅደም» አሉኝ። እኔ ፊት፣ እሳቸው ኋላ፣ ከእሳቸው ኋላ የሰፈሩ ልጆች። ጎረቤታችን እማማ ከወፍጮ ሲመለሱ መንገድ ላይ ደረሱብን።

«ያ ረቢ! ምን አርጎ ነው?»

«በወፍ ተይዞ ነው» አለ አንዱ ውሪ።

እማማ ጠጋ ብለው በጆሮዬ፣ «አብሽር የኔ ልጅ፣ ዋጋዋን ክፈላቸውና ይለቁሃል» አሉኝ። እስከ ዛሬ ሰፈር ውስጥ የዶሮ ሌባ ነኝ።

የቀበሌው ቢሮ ውስጥ መታወቂያ ሊያሳድስ የመጣ ሕዝብ ቆሟል። ወረፋ ሳልይዝ ፊት በመግባቴ መጀመሪያ የተቆጣኝ ሕዝቡ ነው። ጸሐፊዋ ደብተሬን ተቀብላ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ አድርጋ ታነብ ጀመር፦ «ጥንብ አንሳ፣ 4፣ ከቄራው ወዲህ። ባለ ነጭ አንገት እርግብ፣ 11፣ ጣሪያ ላይ። ቢጫ፣ ጥርስ ያለው፣ ረግረግ ላይ።» ቀና ብላ አየችኝ። «ጥርስ ያለው ማነው?» የቅጠሉ ጠርዝ ነው ብዬ ላስረዳ ስል ወረፋው በሳቅ አውካካ። ከዚያ ከኋላ አንዱ «ኮድ ነው» አለ። ሳቁ ቀጥ አለ።

ላስረዳ ሞከርኩ። ያቺ ራሰ በራ ትንሿ ጥንብ አንሳ፣ ቄራ ለቄራ የምትዞረው፣ እንደ ፈረንጆቹ ከ2015 ጀምሮ ከምድር ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ተመድባለች፤ እኛ በየቀኑ ስለምናያት የማታልቅ ይመስለናል፤ የሚቆጥራት ሰው ያስፈልጋታል አልኩ። መታወቂያ ከሚያሳድሱት አንዱ፣ «ለሰውም ደብዳቤ አልተገኘ፣ ለጥንብ አንሳ!» አለ። በዚህ በኩል ሐቁ ከእሱ ጋር ነው።

ቀጥሎ ቅጽ ተሰጠኝ። የላከህ መሥሪያ ቤት? የለም። የፕሮጀክቱ ዓላማ? ማየት። በጀት? እርሳስና ደብተር ብዬ ጻፍኩ። ጸሐፊዋ ከልቧ አዘነችልኝ። «ወንድሜ፣ ያለ በጀት እንዴት ይታያል?» አለችኝ። ደጋፊ ይዤ እንድመጣ ተነገረኝ፤ ደጋፊውም እርስዎ ነዎት። እርስዎን ለማግኘት ደግሞ ከሌላ ቢሮ ድጋፍ ያስፈልጋል። ሌላው ቢሮ ወፍ አይመለከተኝም፣ አበባው ግን ሊመለከተኝ ይችላል አለ። ቀጣዩ፣ ወፉ ዶሮ ቢሆን ኖሮ ዛሬውኑ እንፈርምልህ ነበር አለኝ። ከዚያ ወዲያ ያለውን እርስዎም አንባቢም ታውቁታላችሁ፦ ኃላፊው ስብሰባ ናቸው፣ ፎቶ ኮፒው መብራት የለውም፣ መዝገብ ቤቷ ለቅሶ ሄዳለች፣ «ነገ ብቅ በል»።

የቀደመውን ቂም አላወጣም። የውሃ ቆጣሪ ሳስነሳ ያደረጉኝን፣ ለሲም ካርድ ያስለፉኝን ትቼዋለሁ።

አንድ ነገር ግን ልንገርዎ። ሐሙስ ዕለት፣ እኒያ አባት «ደብዳቤ አለህ?» ሲሉኝ፣ ከላያችን ድልድዩ ላይ አንድ ጋሪ ቆመ። ባለጋሪው የታሰሩ ጆንያዎች አንድ በአንድ እያነሳ ወንዙ ውስጥ ወረወረ። አንዱ ጆንያ ተተርትሮ ፌስታሉ፣ የበሰበሰው ሽንኩርት፣ የሕፃን ዳይፐሩ በውሃው ላይ ተበተነ። ጋጋኖዎቹ እየጮኹ ተነሱ። አባባ ቀና ብለው አዩና «አሰላሙ አለይኩም» አሉት። «ወአለይኩሙ ሰላም» አለና በሬውን… ይቅርታ፣ ፈረሱን ጎትቶ ሄደ። ንዴት ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው።

ታዲያ የት ነበርክ? አንተን ነው የምለው! ለሚያየው ሰው ቅጽ የምታስሞላ፣ የሚደፋውን ሰው ምነው አንድ ቀን እንኳ ደብዳቤህን አሳየኝ ሳትለው? ከየጓሮው ወደ ቦርከና የተዘረጋው የሽንት ቤት ቱቦ ማኅተም አለው? ይህ ውሃ እዚሁ ደሴ አይቀርም። ኮምቦልቻ ይወርዳል፣ እዚያ የፋብሪካ ፍሳሽ ይጨመርበታል፣ ከዚያ በከሚሴ በኩል ጨፋ ረግረግ ገብቶ ወደ አዋሽ ይሄዳል። ጨፋ ላይ በጋ ሲሆን የአፋሩም የኦሮሞውም ከብት ይጠጣዋል፣ ጎመንና ቲማቲም ይለማበታል፣ ያንኑ ጎመን እኛው ገበያ ወጥተን እንገዛዋለን። ይህን ሁሉ የሚጽፍ አንድ ደብተር ቢገኝ እሱኑ ነጥቀህ ወረፋ ፊት ታስነብባለህ። ሰው ሲደፋ ዓይንህ አያይም፤ ሰው ሲያይ ግን ዓይንህ በሬ ያህላል!

በል… ይቅርታ፣ ክቡር ሆይ። ከማዕረግዎ ሳላወርድዎ ልቀጥል።

ድንበር ያለ ደብዳቤ የተሻገረ እኔ የመጀመሪያው አይደለሁም። ቅንጬ አረም አገሩ አሜሪካ ነው፤ በረሃቡ ዘመን ከእርዳታ ስንዴ ጋር ገባ ይባላል። ዛሬ ከኮምቦልቻ ወዲያ ያለውን ማሳና የመንገድ ዳር ወርሶ፣ አራሚውን ቆዳ እያሳከከ ተንደላቆ ይኖራል። ያቺ ጅራቷን የምትወዘውዘው ቢጫ ወፍም ከወዲያ ማዶ፣ ባሕርና በረሃ አቋርጣ መስከረም ላይ ትመጣለች፤ በጋውን እዚህ ከርማ ትመለሳለች። ግልባጭ የጠየቃት የለም።

ደግሞ ወንዝ ዳር ቆሞ ማየት ሥራ ፈትነት ከመሰለዎ፣ ዶክተር አክሊሉ ለማን ያስታውሱ። እንደ ፈረንጆቹ በ1964 አድዋ ላይ ወንዝ ዳር ሆነው፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዝያን የሚያዛምቱት ቀንድ አውጣዎች ስለነበሩ፣ ከዚያች እይታ የተነሳው ምርምር ለበሽታው መከላከያ ርካሽ መላ አመላከተ፤ በ1989 ዓለም ሸለማቸው። እሳቸው እንኳ የዩኒቨርሲቲ ሰው ስለነበሩ ደብዳቤ አያጡም ነበር። ልብስ አጣቢዎቹ ግን፣ እንዶዱን ያወቁት እነሱ፣ ማንም የጻፈላቸው ያለ አይመስለኝም። የቦርከና ዳር እንዶድም በደብተሬ አለ፤ ያለሁበትን ችግር እያወቁ ደብተሬን እንዳያጠፉብኝ አደራ።

አሁን ያለሁበት ልንገርዎ። ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ ተተይበዋል አሉ። ደስ ብሎኝ ሄጄ ባየው፣ «ከመስከረም 15 እስከ መስከረም 30 ወፍና አበባ እንዲያይ ትብብር ይደረግለት» ይላል። ዛሬ ጥቅምት ነው። አደዩ ረግፏል። ቀኑ እንዲታረምልኝ ስጠይቅ፣ ለማረሚያው ሌላ የድጋፍ ደብዳቤ አምጣ ተባልኩ። ታናሽ ወንድምዎ መሆኑ ነው። ፊርማውም ገና አልወጣም፤ ኃላፊው ስብሰባ ናቸው።

ስለዚህ ነገ ማለዳ ድልድዩ ላይ እቆማለሁ። መነጽሩን አባባ ጋ ትቼዋለሁ፤ እሳቸውም ተመችቷቸዋል መሰለኝ፣ ትናንት ሳልፍ ወደ ወንዙ አዙረው ሲያዩበት አገኘኋቸው። «ልጄ፣ ያ ባለ ቆልማማው ስሙ ማን ነበር?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ደብዳቤ እንዳላቸው ግን አልጠየቅኋቸውም።

ከሰላምታ ጋር፣

ፊርማ አለው፤ ማኅተም የለውም።