«ሰዋስው አያውቁም» የምትሉን እስቲ ራሳችሁን ቀድታችሁ ስሙ

ደሴ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ከዚህ ሴሚስተር ጀምሮ ፕረዘንቴሽን ላይ ባለቤትና ግስ ያላስማማ ተማሪ በየስህተቱ ማርክ ይቀነስበታል ብሎ ወስኗል። አንዷ ልጅ ስለ ቦርከና ወንዝ ስታቀርብ «የፋብሪካዎቹ ፍሳሽ ወንዙን እየበከሉት ነው» ብላ ተቀነሰባት፣ «እየበከለው» ነው የሚባለው ተብሎ። የኮምቦልቻን ፍሳሽ የሚያህል ጉዳይ ይዛ ቆማ እነሱ የሰሙት አንዷን ግስ ብቻ! አንድ መምህር ደግሞ የወላጆች ስብሰባ ላይ ተነስተው «ቲክቶክ ነው ያበላሻቸው፣ የከሚሴና የባቲ ልጆች ላይ ደግሞ ኦሮምኛው ይቀላቀልባቸዋል» አሉ።

ቲክቶክ? ቦክና ሚለር የሚባሉ ተመራማሪዎች ይሄንኑ ስህተት አጥንተው ያሳተሙት እኮ በፈረንጆች 1991 ነው፣ ያኔ ምን ቲክቶክ አለ! የተሳሳቱትም አፋቸውን በእንግሊዝኛ የፈቱ አሜሪካውያን ተማሪዎች ናቸው፣ ኦሮምኛ የት ሰምተው። የዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ይሰማሉ፣ ደግመው ይጨርሱታል፣ በቃ። ጣሊያንኛና ስፓኒሽ ተናጋሪዎችም ላይ ተገኝቷል። የባቲን ልጅ ሁለት ቋንቋ ቻልክ ብሎ መውቀስ ነውር ነው።

ደግሞ ስህተቱ ዝም ብሎ የትም አይመጣም። ባለቤቱ ነጠላ ሆኖ አጠገቡ ብዙ ቁጥር ሲቀመጥ ነው የሚበዛው፣ ሲገለበጥ ከስንት አንዴ ነው። የኛንም አፍ አዳምጡ፣ «የፋብሪካዎቹ ፍሳሽ እየበከሉት» የሚል ሞልቷል፣ «የፋብሪካው ሠራተኞች መጣ» የሚል አማርኛ ተናጋሪ ግን ማን ሰምቶ ያውቃል? ሕጉን አለማወቅ ቢሆንማ ልጆቹ በሁለቱም በኩል እኩል ይሳሳቱ ነበር፣ ግን አይሳሳቱም፣ ምክንያቱም «ኦች» የምትለዋ የብዙ ቁጥር ምልክት ገና ጭንቅላት ውስጥ ትኩስ ሆና ግሱን ወደራሷ ትጎትተዋለች፣ ነጠላው ስም ግን እንዲህ የሚጎትት ምልክት የለውም። በዚያ ላይ አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው፣ እስክትደርስበት ወንዙን ትጠራለህ፣ ቀበሌውን ትጠራለህ፣ ዓመቱን ትጠራለህ፣ የባለቤቱን ቁጥር ደግሞ ይሄን ሁሉ ጊዜ ይዘህ መቆየት አለብህ። ፋዮልና ባልደረቦቹ በ1994 የተማሩ ፈረንሳውያን አዋቂዎችን ቃላት በቃል አስይዘው ዓረፍተ ነገር ሲያስጽፏቸው እነሱም በዚሁ ዓይነት ተሳሳቱ። የተማሩ ሰዎች! ጭንቅላታቸው ስለተጫነ ነው። እንግዲህ ክፍል ፊት ቆማ ልቧ እየመታ መረጃውን ሁሉ በቃሏ የያዘች ልጅ ምን ይጠበቅባታል? ባዶ ጭንቅላት ይዛ የቆመች ብትሆን ኖሮ ግሷ ሳይስማማላት አይቀርም ነበር።

ጽሑፍ ላይ ይታረም፣ እሱ ላይ አልከራከርም፣ መልሶ ለማንበብ ጊዜ አለ። በቃል ሲሆን ግን የምትቀጡት እውቀትን አይደለም፣ ጭንቀትን ነው፣ በሚቀጥለው ደግሞ ልጆቹ አጭር አጭር ባዶ ዓረፍተ ነገር ይዘው ይመጡላችኋል። መምህሩም እስቲ የስብሰባ ንግግራቸውን ቀድተው ይስሙት፣ «ኮሚቴው ወሰኑ» ሳይሉ አንድ ሰዓት ከጨረሱ እኔ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የልጅቷ ማርክ ይመለስላት። ያቺ መስመርም ከማርክ መስጫው ወረቀት ትውጣና በሷ ቦታ ስለ ፍሳሹ ያቀረበችው መረጃ ትክክል ነው አይደለም የሚል ይግባበት።