ጥሩ ናት፤ ብቻ…

መኪና ገዛሁ። ያገለገለች አይሱዙ ዲ-ማክስ ፒካፕ፣ ደብል ጋቢና፣ ነጭ። ደብረ ማርቆስ ባስገባኋት ማግስት ጎረቤቴ ከግቢው ወጥቶ ዞራት። የኋላ ጎማዋን በጫማው ጫፍ መታ አደረገ። ጎማ ለምን እንደሚመታ እስከ ዛሬ የነገረኝ ሰው የለም፤ ግን ሁሉም ይመታል። ጎንበስ ብሎ ከሥር አየ። ቀና አለ። ምንም ሳይነካ እጁን አራገፈ። ከዚያ «እንኳን ደስ ያለህ ወንድምዓለም፣ ጥሩ ናት። ብቻ…» ብሎኝ ሄደ።

ሄደ! ወሬውን ጀምሮ ጥሎኝ ሄደ።

እኔ እንግዲህ ሌሊቱን ከዚያች «ብቻ» ጋር አደርኩ። ብቻ ምን? ብቻ ታጨሳለች? ብቻ ተበልተሃል? ብቻ ከሥር ያየሁትን ብነግርህ እንቅልፍ አይወስድህም? እሱማ ሳይነግረኝም አልወሰደኝ። ሲነጋጋ ባለቤቴ «ወይ ሂድና ጠይቀው፣ ወይ ተኛ» አለችኝ። ሄጄ ጠየቅኩት። «ኧረ ምንም! እንዲያው ቶዮታ ሃይሉክስ ብትገዛ ይሻል ነበር ብዬ ነው» አለ። ይሄ ሰውዬ መንጃ ፈቃድ የለውም። በዕድሜው የገዛው ተሽከርካሪ ቢኖር የልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት ነው። እሱም አንድ ፔዳል ይጎድለዋል።

የእሱ ነገር ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩ (ይኸው እኔም ቃሏን ያዝኳት)። ይችን መኪና ለመግዛት ሰባት ወር ሙሉ ሰው ስጠይቅ ከርሜያለሁ። እኛ አገር ፒካፕ የሚመረጠው የት ይመስላችኋል? ጋራዥ? ለቅሶ ቤት ነው እንጂ። ንፍሮ እየዘገኑ። አንዱ ሟቹ እንዴት እንደታመሙ ሲተርክ ሌላው «ሆስፒታል የወሰዷቸው በምን መኪና ነው?» ይላል። አለቀ። ከዚያ በኋላ ሟቹን የሚያነሳ የለም። የሚነሳው ሃይሉክስ ነው። ጥግ ላይ ያለ ምስኪን «ዲ-ማክስም እኮ…» ብሎ ሲጀምር «ተው እባክህ፣ ለቅሶ ላይ ነን» ይባላል።

አንድ ቀን ደፈርኩና ያነበብኩትን አመጣሁ። «በፈረንጆቹ 2022 አውስትራሊያ ውስጥ ፍርድ ቤት ሃይሉክስ ላይ ፈርዷል» አልኩ። ውሸት አይደለም። ከ2015 መገባደጃ እስከ 2020 መጀመሪያ ግድም እዚያ የተሸጡ ከ260 ሺህ በላይ ሃይሉክስ፣ ፕራዶና ፎርቹነር የናፍጣ መኪኖች የጭስ ማጣሪያቸው ጉድለት አለበት ተብሎ ነው የተፈረደው። ድንኳኑ ጸጥ አለ። ታቦት የተሳደብኩ መሰለኝ። አንድ አዛውንት ንፍሯቸውን ዋጥ አደረጉና «አውስትራሊያ የምትባለው ወዴት ናት?» አሉኝ። በእጄ ወደ ምሥራቅ አሳየኋቸው። «እንግዲያማ መንዳት አይችሉበትም» አሉ። ፍርዱ እዚያው ድንኳን ውስጥ በይግባኝ ተሻረ።

የጃፓን ፍቅራችን ደግሞ ሌላ ነው። ዓባይ በረሃ ውስጥ በፈረንጆቹ 2008 የተመረቀው አዲሱ ድልድይ በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራ ነው። ይህን ይዞ የሚከራከር ሰው አለ። «ድልድዩን እንደዚያ አድርጎ የሠራ ሕዝብ መኪና ያበላሻል?» ይላል። አይሱዙም እኮ የጃፓን ነው! ብል ማን ይሰማኛል። አይሱዙ ሲባል እኛ ዓይን ላይ የሚመጣው ያ ጤፍ ጭኖ እንዳበደ ቁልቁል የሚበረው፣ ሕዝቡ «አልቃይዳ» ብሎ ስም ያወጣለት የጭነት መኪና ነው። የሹፌሩ ኃጢአት ለመኪናው ተረፈ፣ ከመኪናው ደግሞ ለእኔ። ሃይሉክስም ዲ-ማክስም በብዛት የሚፈለፈሉት ታይላንድ ነው። ጃፓኖች ራሳቸው ከፈረንጆቹ 2017 ጀምሮ ሃይሉክስ የሚያስገቡት ከታይላንድ ነው። ይህን ስል «ጃፓን መኪና ትገዛለች? እንዴት ተደርጎ?» ብለው ሳቁብኝ። ተውኩት።

የምወዳት ተረት አለች። በቅሎን «አባትህ ማነው?» ቢሉት «እናቴ ፈረስ ናት» አለ። ይችን ተረት የተናገረው ሰው ፒካፕ ሊገዛ ወጥቶ የነበረ ይመስለኛል። ማዝዳ ቢቲ-50ን እዩት። ድሮ ከፎርድ ሬንጀር ጋር የአንድ እናት ልጅ ነበር። ከፈረንጆቹ 2020 ወዲህ ያለው ደግሞ ቆዳው ማዝዳ፣ ውስጡ ዲ-ማክስ ነው። በ2022 የወጣው ፎልክስቫገን አማሮክ ሬንጀር ነው። መርሴዲስ ሳይቀር በ2017 ኤክስ-ክላስ የሚባል ፒካፕ አውጥቶ ነበር፤ በ2020 አቆመው። ከሥሩ ኒሳን ናቫራ ነበር፤ ኮከቧን ለጥፎ! አባትህ ማነው ቢሉት «እናቴ ጀርመን ናት» አለ።

አያቴ የበቅሎ ነገር ያውቁ ነበር። ብቸና ገበያ ላይ በቅሎ ሲገዙ መጀመሪያ አፏን ፈልቅቀው ጥርሷን ያያሉ፤ ዕድሜዋ እዚያ ነው ያለው። ኮርቻውን ያስወርዱና ጀርባዋን ይደባብሳሉ፣ የተላጠ ይኖር እንደሆነ። ሰኮናዋን ያነሳሉ። ከኋላዋ ቆመው ያስላሉ፤ የምትራገጥ ከሆነ ያኔውኑ ይታወቃል (ሁለት ጊዜ ታውቋል)። ሻጩን ዋስ ጥራ ይሉታል። በመጨረሻ ይቀመጡባትና ገደል ገደሉን ይዘዋት ይሄዳሉ። መንገደኛውን ሁሉ እያስቆሙ «እንዴት ናት?» አይሉም። የሚጠይቁት ራሷን በቅሎዋን ነበር። ጥር 23 ቀን እንጅባራ ሄዳችሁ የአገው ፈረሰኞችን ብታዩ እንዲህ ያለ ዓይን ያለው ሰው ዛሬም አልጠፋም። መኪና ላይ ስንደርስ ነው ዓይናችንን ለጎረቤት የምናውሰው።

በእርግጥ የዛሬ ጥርስ ኪሎሜትር ቆጣሪው ነው። እሱን ደግሞ ደላላው ይሞርደዋል።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት አንድ ደላላ (ስሙን አልጠራም፣ አሁንም ሰላምታ አለን፣ ቢሆንም አልረሳሁለትም) አንዲት ቪትዝ አሳየኝ። «የዶክተር መኪና ናት። ከቤት ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ቤት» አለኝ። 48 ሺህ ኪሎሜትር ትላለች። የፍሬን ፔዳሏ ላስቲክ ግን አልቆ ብረቱ ያበራል። በ48 ሺህ ኪሎሜትር ፔዳል እንዴት እንደዚያ ያልቃል? ዶክተሩ በሽተኛ የሚያክመው ፍሬን ላይ ቆሞ ነው? ይህን ሁሉ ያሰብኩት ብሩን ከቆጠርኩ በኋላ ነው። በአራተኛው ወር የቴስታታዋ ጋስኬት ተቃጠለ። መካኒኩ ፈታ፣ ገጠመ፣ አስነሳ። ከዚያ አራት ብሎን መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። «ትርፍ ናቸው» አለ። ትርፍ! ፋብሪካው አራት ብሎን ምርቃት ጥሎልኛል ማለት ነው! ብሎኖቹ እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አሉ። ስናደድ አውጥቼ አያቸዋለሁ።

ስለዚህ አሁን ልጠንቀቅ አልኩ። የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ ለቅሶ ቤቱን ተወውና ዩቱብ ላይ ሪቪው እንይ» አለኝ። አየን። ሦስት ሳምንት አየን። ፈረንጁ ፒካፑን ባዶውን አስፋልት ላይ ይነዳና «ይዘላል» ብሎ ነጥብ ይቀንሳል። ወንድሜ፣ አንድ ቶን ግድም እንዲሸከም የተሠራ ባሌስትራ ባዶውን ቢዘል ምን ይገርማል? በቅሎስ ጭነት ስታወርድ አትፈነጭም? ደግሞ የእኛ አገር ፒካፕ መቼ ነው ባዶውን የሚሄደው? ባዶ ፒካፕ ይዘህ ደጀን ላይ ለሻይ ብትቆም፣ ስትመለስ አራት ሰው፣ ሁለት በግና ባለቤቱ ያልታወቀ ጀሪካን ተጭኖ ይጠብቅሃል። ሌላው ሪቪው አድራጊ ስለ ዳሽቦርዱ ፕላስቲክ አሥር ደቂቃ አለቀሰ። ለአንድ ሳምንት አዲስ መኪና ተሰጥቶት «አስተማማኝ ነው» ይላል። ሙሽራ እንኳ በሳምንት አይታወቅም።

የእኛ ሪቪው ዓባይ በረሃ ነው። ከጎሐ ጽዮን ደጀን 40 ኪሎሜትር ግድም፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርደህ ያንኑ መልሰህ የምትወጣበት። ሲወርድ ፍሬኑ ሸተተ ወይስ አልሸተተም? ሲወጣ ሙቀቱ ከፍ አለ ወይስ አላለም? ይኸው ነው። ኮከብ መስጠት አያስፈልግም።

አንድ ነገር ግን ከለቅሶ ቤቱም ከዩቱቡም አልሰማሁም። የሃይሉክስ ስም የተሠራው በድሮው ሞተር ነው። መኪናው በፈረንጆቹ 1968 ነው ገበያ የወጣው፣ የጎልማሳ ዕድሜ ነው። ያ የድሮው ናፍጣ ሞተር ፖምፓው ሜካኒካል ነበር፤ ቆሻሻ ናፍጣ ቢጠጣ ያስነጥሰዋል እንጂ አይገድለውም። የዛሬው ኮመን ሬል ነው። ናፍጣውን በከባድ ግፊት በፀጉር በምታህል ቀዳዳ ነው የሚረጨው። ከመንገድ ዳር በጀሪካን የተገዛ ውሃ የነካው ናፍጣ ለኢንጀክተሩ መርዝ ነው፣ ሃይሉክስ ይሁን ዲ-ማክስ አያዳላም። ሰው ግን የአያቱን ጀግንነት ሰምቶ ለልጅ ልጁ ይከፍላል።

እሺ፣ ፍርደ ገምድል አልሁን። ሃይሉክስ የሚገዛ ሰው ሞኝ አይደለም። ማርቆስ ያጣኸውን መለዋወጫ ባሕር ዳር፣ ባሕር ዳር ያጣኸውን አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ታገኘዋለህ። መካኒኩ ጨለማ ውስጥ ይፈታዋል፣ ብሎንም አያተርፍም። ልሽጥ ስትል በስልክ ይሸጣል። ዕቃው የሚገኘው ሁሉም ስለገዛው ነው፤ ሁሉም የሚገዛው ዕቃው ስለሚገኝ ነው። እንግዲህ ዲ-ማክሱም ሬንጀሩም ኤል-200ውም በዚህ ክብ ውስጥ በየት በኩል ይግባ? በርካሽነት እንዳይባል፣ ርካሽ የሚባል ነገር የለም። ታይላንድ ውስጥ ሃይሉክስና ዲ-ማክስ አንገት ለአንገት ሲናነቁ የሚጠቀመው ገዢው ነው። እዚህ የሚናነቀው ገዢ ከገዢ ጋር ነው። በእኛ አቆጣጠር በ2012 ያገለገለ መኪና ለሚያስገባ ኤክሳይስ ታክሱ ከበደ፣ አሮጌ መኪና ተወደደ። በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል አይገባም ተባለ፣ አሮጌ ፒካፕ ተወደደ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፣ እሱንማ አታንሱብኝ። የእኔ ሻጭ በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ ጨምሮብኛል። «ትናንት ሌላ ነበር እኮ ያልከኝ» ስለው «የትናንቱ የትናንት ነው» አለ። መኪናዋ ትናንትና ዛሬ እዚያው ግቢ፣ እዚያው ዛፍ ሥር፣ ያው የወፍ ኩስ ላይዋ ላይ እንዳለ ነው የቆመችው። ምኗ ነው የጨመረው? ጠጅ ናት ስትቆይ የምትጥመው? ይሄ ሁሉ ሲሆን አንድ ሰው ተነስቶ «ይሄ ነገር አልበዛም?» አይልም። ሁሉም «ነገ ደግሞ ይብሳል፣ ዛሬውኑ ግዛ» ነው የሚለው። ገዛሁ። ከዚያ ያው ሰው መጥቶ ጎማ ይመታል።

ምን ልል ነበር? አዎ፣ ጎረቤቴ።

ባለፈው ዓርብ መጣ። «ብቸና ጤፍ አለኝ፣ ለነገ ብታውሰኝ፣ ሹፌር ይዣለሁ» አለ። ሃይሉክስ ብትከራይ ይሻል ነበር የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ጎረቤት ነው፣ ነገ ቀባሪዬ ነው፤ ቁልፉን ሰጠሁት። ቅዳሜ ማታ አልተመለሰም። ዛሬ ከቤተክርስቲያን መልስ ደወልኩ። «ሉማሜ ደርሰናል፣ መጣን መጣን» አለኝ።

«መኪናዋስ?»

«ኧረ በጣም ጥሩ ናት!»

ጠበቅኩ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ጠበቅኩ። ምንም አልጨመረም። ዘጋው።

ይሄ ሰው በሕይወቱ «ብቻ» ሳይል ዘግቶ አያውቅም። ምን አድርጓት ነው? ይኸው በር ላይ ቆሜ መንገድ መንገዱን እያየሁ ነው።