የአያት ሰይፍ ለሌባ አይሆንም

ሌብነት በዛ በተባለ ቁጥር ሳሎን ተሰቅሎ የኖረው የአያት ሰይፍ ወርዶ አልጋ ሥር ይገባል። ጎራዴ ለመሰንዘር ሰፊ ቦታ ስለሚፈልግ ለጠባብ ቤት ቀጥ ያለ መውጊያ ሰይፍ ይሻላል የሚሉም አሉ። ስለ ቦታው ያሉት ትክክል ነው፤ መደምደሚያቸው ግን ሰው ያስጨርሳል።

መሀል አዲስ አበባ ካሉት ኮንዶሚኒየሞች በአንዱ መተላለፊያ ላይ ቆሞ ማሰብ ይበቃል። 80 ሳንቲ ሜትር ስለት ያለው ጎራዴ ከክንድ ጋር ተደምሮ ከ1 ሜትር ከ30 ያልፋል፤ ሲሰነዘር የሚያገኘው ግድግዳውን ወይም የበሩን መቃን ነው። መውጊያ ሰይፍ ወደ ፊት ብቻ ስለሚሄድ ከዚህ ይተርፋል። ነገር ግን በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓውያን ይታጠቁት የነበረው ራፒየር የተባለ ቀጭን መውጊያ ሰይፍ ስለቱ ብቻ 1 ሜትር ገደማ ነው። እሱን ይዞ ከክፍል የሚወጣ ሰው፣ ጫፉ ቀድሞት ብቅ ይላል። ከበሩ ጎን የቆመ ሌባ ስለቱን ገፍቶ አንድ እርምጃ ከገባ በኋላ ሰይፉ ከዱላ አይሻልም። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1908 ለፈረሰኞቻቸው ያወጡት መውጊያ ሰይፍ ደግሞ ጉልበቱን የሚያገኘው ከሚጋልበው ፈረስ ነው።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ሌላ ነው፦ መውጋት ይገድላል እንጂ ወዲያው አያስቆምም። ቀጭን ጫፍ ደረት ወይም ሆድ ሲበሳ ደሙ በአብዛኛው ወደ ውስጥ ይፈስሳል፤ የተወጋው ሰው ከመውደቁ በፊት ለመታገል በቂ ጊዜ ሊኖረው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1712 ለንደን ሃይድ ፓርክ ውስጥ የሃሚልተኑ መስፍንና ሎርድ ሞሁን በሰይፍ ሲፋለሙ ሁለቱም ሞተዋል። እነሱ ሰይፍ ታጥቀው የኖሩ መኳንንት ነበሩ። መብራት በጠፋበት ሌሊት፣ ልጆች በሚተኙበት ቤት፣ ያልሠለጠነ እጅ ምን ሊያደርግ እንደሚችል መገመት አይከብድም። በጨለማ የሚገባው አምሽቶ የመጣ የቤት ልጅም ሊሆን ይችላል።

ሕጉም አለ። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ራስን መከላከልን ይፈቅዳል፤ ጥቃቱ ሊደርስ የተቃረበ፣ በሌላ መንገድ ሊመለስ የማይችልና አጸፋው ተመጣጣኝ ሲሆን ነው። ቴሌቪዥን ይዞ የሚሸሽን ሌባ ከጀርባው መውጋት እዚህ ውስጥ አይገባም። በር ከውስጥ ቆልፎ፣ ጮሆ ጎረቤት መቀስቀስና 991 መደወል ይሻላል።

ሰይፉ ግድግዳው ላይ ይመለስ፤ እዚያም ቢሆን እንክብካቤ ይፈልጋል። ብዙዎቹ ጎራዴዎች ስለታቸው ጀርመን አገር ሶሊንገን ተሠርቶ የመጣ ሲሆን፣ አንዳንዱ ላይ «ሞዐ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚል ጽሑፍ አለ። ጽሑፉ ጥልቀት ስለሌለው በብርጭቆ ወረቀት ከተፈተገ ይጠፋል፤ ሞረድ ቤትም አይወሰድ። የቆዳ ሰገባ እርጥበት ስለሚይዝ በተለይ በክረምት ስለቱን ከሰገባው ለይቶ ማስቀመጥ ነው። በንጹሕ ጨርቅ ከተወለወለ በኋላ የስፌት መኪና ዘይት በስሱ ይቀባል። የምግብ ዘይት አይሆንም፤ ውሎ አድሮ ይጣበቃል፣ አቧራም ይሰበስባል። እጀታው ሲነቀነቅ ድምፅ ካሰማ ውስጥ የገባው ብረት ዝጎ ሊሆን ስለሚችል፣ እንዲህ ያለውን ሰይፍ ማንም ለጨዋታም ቢሆን መሰንዘር የለበትም። ስለቱ ከእጀታው ወልቆ ይወረወራልና።