ሦስት ጊዜ የፈንገስ መድኃኒት ወሰድኩ

ስለ ወንድ ዘር ፈሳሽ አለርጂ መጻፋችሁ ደስ ብሎኛል። ስንቶቻችን በስህተት ለሌላ በሽታ እንደታከምን ግን ጽሑፉ ዘሎታል።

እኔን ባገባሁ በወሩ ጀመረኝ። ግንኙነት አድርገን አሥር ደቂቃ ሳይሞላ በርበሬ የተነሰነሰብኝ ይመስል ያቃጥለኛል። ያብጣል፣ ያሳክካል። በቀዝቃዛ ውሃ ተጣጥቤ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ እላለሁ። በማግስቱ ምንም የለም። ክሊኒክ ስሄድ "ፈንገስ ነው" ተባልኩ፣ ያውም ሦስት ጊዜ። መድኃኒቱ አልሠራ ሲል ባለቤቴን በጎሪጥ ማየት ጀመርኩ። ምስኪን፣ የአባላዘር ምርመራ ሁሉ አስደረግኩት!

ፍንጩን የሰጠችኝ አንዲት የቆዳ ሐኪም ናት። "በኮንዶም ስትሆኑስ?" አለችኝ። በኮንዶም ደህና ነኝ! ለካ ሰውነቴ የሚቆጣው በፈሳሹ ውስጥ ባለ ፕሮቲን ነው እንጂ በራሱ በዘር ህዋሱ አይደለም። ዋናው ተጠርጣሪ ፕሮስቴት ከሚባለው የወንዶች ዕጢ የሚወጣው ፒኤስኤ የተባለ ፕሮቲን ነው። የሚገርመው፣ ወንድ ውሻም ተመሳሳይ ፕሮቲን ስላለው የውሻ አለርጂ ያለባቸው አንዳንድ ሴቶች ይሄም ይገጥማቸዋል። (በኮንዶምም ካሳከካችሁ ኮንዶሙ የተሠራበትን ጎማ፣ ላቴክሱን ጠርጥሩ።)

ልጅ ለምትፈልጉ፦ አለርጂው መካን አያደርግም። የዘር ህዋሱ ከፈሳሹ ታጥቦ ወደ ማህፀን የሚገባበት መንገድ አለ። ፈሳሹን አቅጥኖ ሰውነትን ቀስ በቀስ ማለማመድም አለ፤ እሱ ግን ሐኪም ፊት ነው፣ ቤት እንዳትሞክሩት። ትንፋሽ ካጠራችሁ ወይም ፊታችሁ ካበጠ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል።