መፍትሔው የአስተዳዳሪ መብት ማደል አይደለም

በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ በተራ ተጠቃሚ ስም አልሠራ ስላለ ፕሮግራም በወጣው ጽሑፍ፣ «ፕሮግራሙ እንቢ ካለ ለሠራተኛው የአስተዳዳሪ መብት (ኮምፒውተሩን እንዳሻው የመለወጥ ሥልጣን) ስጡት» የሚለው ምክር አደገኛ ነው። ጥፋቱ ያለው ሠራተኛው ጋ ሳይሆን ፕሮግራሙ ጋ ነው። ሥራዬ የቢሮ ኮምፒውተሮችን መከታተል ነው፤ አንድ ባለ 64 ቢት የሒሳብ ፕሮግራም በተራ ተጠቃሚ ስም ሲከፈት ደረሰኝ አልመዘግብም ይል ነበር። ፕሮግራም የትኛውን ፋይል እንደሚነካ በሚያሳየው በፕሮሰስ ሞኒተር ስከታተለው የሚከለከለው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ሆኖ ተገኘ፦ ፕሮግራም ፋይልስ (ፕሮግራሞች የሚጫኑበት የዊንዶውስ ማኅደር) ውስጥ በተጫነበት ማኅደር ሥር ባለች «ዳታ» በምትባል ንዑስ ማኅደር ለመጻፍ ሲሞክር። ለዚያች ንዑስ ማኅደር ብቻ የመጻፍ ፈቃድ ሰጠንና ገንዘብ ያዧ ሥራዋን ቀጠለች። ለሙሉው ማኅደር ቢሰጥ ኖሮ ማንኛውም ቫይረስ የፕሮግራሙን ማስነሻ ፋይል ራሱን ሊተካው በቻለ ነበር። ይህን ፈቃድ የማስተካከል ሥራ ግን ፕሮግራም ሠሪዎች ለእኛ ሊተዉት አይገባም፤ የተጠቃሚው የግል ምርጫ አፕዳታ በሚባለው የየተጠቃሚው ማኅደር ውስጥ፣ የጋራው መረጃ ፕሮግራምዳታ በሚባለው የጋራ ማኅደር ውስጥ ይቀመጥ፣ ፈቃዱም ፕሮግራሙ ሲጫን አብሮ ይስተካከል። ከእኔ በፊት «ፈቃድ የሚጠይቀውን የዊንዶውስ ጥበቃ (ዩኤሲ) ጨርሶ ማጥፋት ይሻላል» ላሉት አስተያየት ሰጪ፦ በ2007 ለገበያ ከቀረበው ቪስታ ከሚባለው ዕትም ጀምሮ ዊንዶውስ የድሮ ባለ 32 ቢት ፕሮግራሞች ወደተከለከለ ማኅደር ሊጽፉ ሲሞክሩ ፋይሉን በተጠቃሚው የግል ማኅደር ወዳለው ቨርቹዋልስቶር ያዞርላቸዋል። ጥበቃውን ሙሉ በሙሉ ካጠፉት ይህ ማዞርም አብሮ ይጠፋል፤ እስከ ትናንት ሲሠራ የነበረው ፕሮግራም በተራ ተጠቃሚ ስም ሲከፈት ዛሬ መጻፍ ይከለከላል።